ለደካማው መብራታችን የመረጥሁት ማጉያ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው በታች፣ ባጃጆች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ስወርድ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ አየሁና ቆምሁ። ጥቋቁር የድምፅ ማጉያዎች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል። ሁለት ወጣቶች፣ አንደኛው ጊታር በጀርባው አንግቶ፣ ከባለ ሱቁ ጋር ይከራከራሉ። «ይኼኛው ለአዳራሽ ይበቃል፤ ዳስ ውስጥ ግን ድምፁን ነፋስ ይበላዋል» ይላል ባለ ጊታሩ። ጓደኛው «ሁለት ትንንሽ ይሻለናል፤ አንዱ ቢበላሽ በአንዱ እንጫወታለን» ይላል። ባለ ሱቁ «ውሰዱና ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ መልሱት» ይላቸዋል። ባለ ጊታሩ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን ጀርባ አየ፤ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ያልገባው ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ ባለ ሱቁን «ይኼ ምን ማለት ነው?» አለው። ምንም አላፈረም። እኔ ግን ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሴ ጆሮዬ ጋለ። «አባባ፣ ምን ልስጥዎት?» ብሎ ባለ ሱቁ ወደ እኔ ሲዞር «የለም ልጄ፣ እንዲሁ ነው የቆምሁ» አልሁና መንገዴን ቀጠልሁ። ከሠርጉ ቤት ስደርስ ከማጉያው ርቄ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ዘመዶቼ የእርጅና መሰላቸው።

እኔ የማስታውሰው ደብረ ማርቆስ ሌላ ነው። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከዚያ በቀር ዓመቱን በትክክል ልናገር አልችልም። የማስታውሰው ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት ሳንቲም መሆኑን፣ የቴትረን ሱሪ የለበሰ ወጣት እንዳይጨማደድበት ድንጋይ ላይ የማይቀመጥ መሆኑን ነው። ያኔ የሱሪ እግር ከታች እየሰፋ መሄድ ጀምሮ ስለ ነበር ሽማግሌዎቹ «ይኼ ሁሉ ጨርቅ ምድር የሚጠርገው ለማን ነው?» ይሉን ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከደምበጫ በኩል ፈረሶች፣ ከቁይ በኩል በበርኖስ የተጠቀለሉ ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ በሻይ ቤቶቹ በር ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ከሬዲዮው ፊት የሚቆመው ሰው ከሚጠጣው ይበዛል። መብራት የሚመጣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሞተሩ ከሩቅ ዱብ ዱብ ሲል ሰምተን አንጋጠን እንጠብቃለን፤ የአምፖሉ ክር ቀስ ብሎ እንደ ፍም ይቀላል። ከዚያ በላይ ብዙም አይሄድም። «መብራቱ መጥቶ እንደ ሆነ ክብሪት ለኩሰህ እይልኝ» እየተባባልን እንቀልድ ነበር። ይህን ቀልድ ልብ በሉልኝ፤ እኔን ያጠፋኝ ይኸው ቀልድ ነው።

ጋሽ ሞላ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በረንዳ ያለው፣ የቆርቆሮ ክዳኑ በሐምሌ ሰው የማያነጋግር ቤት ነው። መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ያንጎራጉራል፤ ክር ሲበጠስበት ዜማውን አያቋርጥም፣ በአፍንጫው እያዜመ ይቀጥላል። አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ለእሱ ሰጥቶት ሄደ፤ ለሰፋለት ኮት ወሮታ ነው ይባላል። ማጉያውን ግን ፈረንጁ ይዞት ሄዷል። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የትንኝ ያህል ድምፅ አለው። ጋሽ ሞላ በዚያ ጊታር የአገራችንን ዘፈኖች አንድ በአንድ አጥንቶ፣ ከከበሮ መቺው ከደጉ ጋር ሠርግ ላይ መጫወት ጀመረ። ደጉ ከበሮውን አንድ ጊዜ ሲመታው ጊታሩ ይጠፋል። «አያ ሞላ እኮ ጊታር አይጫወትም፤ ያክከዋል» ይል ነበር ደጉ ራሱ፣ ሰው ፊት። ሰው ይስቃል። ጋሽ ሞላም ይስቃል፤ ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ ጊታሩን እንደ ታመመ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎት ነበር የሚሄደው።

ጋሽ ሞላን ያሳደጉት ታላቅ እኅቱ እትዬ ውዴ ናቸው። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ሞተውባቸው፣ እሳቸው ሳያገቡ ቀርተው፣ እሱን ፈትል ፈትለው አሳደጉት። እሱም «እታለም» እያለ ነበር የሚጠራቸው። በዚያ ዓመት የአንድ ትልቅ ነጋዴ ልጅ በጥር ልታገባ ሆነና፣ ነጋዴው «ድምፁ የሚሰማ ከሆነ ሞላ ይጫወትልኝ፤ የማይሰማ ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ» አለ። ከደምበጫም፣ ከቁይም፣ ከየወረዳው ባለጠጋ ሁሉ ይጠራል። በዚያ ሠርግ የተሰማ ሰው ጥርን በሙሉ፣ ምናልባትም ዕድሜውን በሙሉ፣ ይሰማል። እትዬ ውዴ ይህን ሲሰሙ ለማጉያ መግዣ እንዲሆነው በቅሏቸውን ደምበጫ ገበያ ልከው አስሸጡ። ዘመድ የሚጠይቁባት፣ ለንግሥ የሚሄዱባት ዳልቻ በቅሎ ነበረች። ከዚያ በኋላ በእግራቸው ሆኑ።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ከሠፈራችን ኮሌጅ የገባሁ የመጀመሪያው ሰው በመሆኔ ስሜ ተረስቶ «ተማሪው» ሆኖ ነበር። መምህር ሲጠይቅ ቀድሜ እጄን የማወጣ፣ ሰው «ጎሽ» ካላለኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርሁ። አላውቅም ማለት ለእኔ የላኩኝን ሁሉ መክዳት ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ሞላ በታኅሣሥ፣ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ ከአውቶቡስ ሲወርድ ተቀበልሁት። «አንተ እንግሊዝኛውን ታነባለህ፤ እኔ ድምፁን እሰማለሁ። ሁለት ሆነን አንድ ሙሉ ሰው አይጠፋንም» አለኝ። በደስታ ልሞት ነበር።

ፒያሳ አንድ አርመን ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ጠባብና አቧራ የሞላው፣ አማርኛው ግን ከእኛ ያልተናነሰ። ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛው ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ከላዩ እንደ መለከት አፉ የሰፋ ድምፅ ማውጫ አለው። «ይኼ መብራት አይጠይቅህም» አለ ነጋዴው። «የመኪና ባትሪ ይበቃዋል። አገር ቤት ለምትጫወት ሰው እኔ ይኼን ነው የምመክር።» ጋሽ ሞላ ጊታሩን ሰክቶ ሞከረው። ድምፁ ይሰማል፤ ግን በአፍንጫው የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከአስመራ፣ ከአሜሪካኖቹ ጦር ሠፈር የመጣ ትልቅ ሣጥን ነው፤ ቡናማ ሌጦ የለበሰ፣ ፊቱ ወርቃማ ጨርቅ፣ ከጀርባው ትንንሽ የመስተዋት ጠርሙሶች የሚበሩበት። ነጋዴው ሲሰካው መጀመሪያ መሬት ላይ ካለ ከባድ ብረት ጋር አገናኘው፤ ብረቱን ደግሞ ከግድግዳው ጋር። ጋሽ ሞላ አንድ ክር ብቻ ነካ። ሱቁ በሙሉ ሞላ። እኔ የሰውነቴ ጠጉር ቆመ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ የክሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ተማሪው፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

የቱ እንደሚሻል አውቅ ነበር። ቁይ መብራት አልነበረም፤ ደምበጫም የገጠሩ ዳስ ሁሉ በፋኖስ ነበር። ለእሱ የሚሆነው ባለ ባትሪው ነው። ነገር ግን ፊቱን አየሁት። እንዲህ ያለ ፊት «ትልቁ» ብሎ ለመለሰለት ሰው ምን ያህል እንደሚያመሰግን አሰብሁ። «ትልቁ» አልሁ።

«እንግዲያው ይኼም አብሮት ይሄዳል» አለ ነጋዴው፣ ያንን ከባድ ብረት በእግሩ እየገፋ። «ያለዚህ አይሆንም። ዋጋውን እቀንስላችኋለሁ።»

ጋሽ ሞላ ብረቱን አንሥቶ ሞከረና አስቀመጠው። ድንጋይ ነው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሊጨምርብን ይሆናል። እስኪ አንብበው» አለኝ በጆሮዬ። ከሣጥኑ ጀርባ ጎንበስ አልሁ። መቶ አሥር የሚል ቁጥር አለ። ከግድግዳው ሶኬት በላይ ደግሞ ሁለት መቶ ሃያ ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ትርጉሙን አላውቅም ነበር። ነጋዴው «አገራችሁ ያለው መብራት ስንት ነው?» ሲለኝ ደግሞ ያም በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ መሆኑን አላውቅም። የማውቀው ያንን ቀልድ ነው። «የእኛ መብራት ደካማ ነው» አልሁት። አርመኑ ሳቀ፤ ጋሽ ሞላም ሳቀ። እኔ ግን ስናገር ነገሩ እውነት መሰለኝ። የአዲስ አበባ መብራት ብርቱ ስለ ሆነ ብረቱ ያበርደዋል፤ የእኛ እንደ ፍም የሚቀላ መብራት ግን ከመቶ አሥርም አያልፍም፤ እንዲያውም ትንሽ ቁጥር ያለው ዕቃ ለእኛ የተሠራ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ቃላት አጅቤ፣ እንደ መምህር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለጋሽ ሞላ አስረዳሁት። «አየህ መማር!» አለና ትከሻዬን መታኝ። ነጋዴው ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ ተማሪው ያውቃል» አለ። ብረቱን እዚያው ትተን ወጣን።

ማጉያው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በሁለት ፍራሽ መካከል ታስሮ ዓባይን ተሻገረ። እኔ ለሠርጉ ብዬ ሁለት ቀን ትምህርት አቋርጬ ደረስሁ። ሠርጉ በከተማው አዳራሽ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ቄጤማ ሲጎዘጎዝ፣ አግዳሚ ሲደረደር ዋለ። ጋሽ ሞላ ማጉያውን ከመድረኩ ቀኝ አስቀምጦ፣ ዝቅ ብሎ እያየ፣ ከፍ ብሎ እያየ፣ ሁለት ጊዜ ቦታ አዛወረው። እኔ ገመዱን የምሰካበትን ስፈልግ ከማብሪያው በላይ ያለችውን የእንጨት ሰሌዳ አየሁ። ሁለት መቶ ሃያ ይላል። እንደ አርመኑ ግድግዳ ሁሉ ሁለት መቶ ሃያ።

እዚያ ላይ ቆምሁ። መብራት ሊመጣ ምናልባት አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ያን ጊዜ ብናገር ጋሽ ሞላ ይቆጣ ነበር፤ በቃ ያ ነው። ጊታሩን እንደ ድሮው ያለ ድምፅ ይጫወት፣ ወይም ጭራሹን አይጫወት ይሆናል፤ ማጉያው ግን ደኅና ሆኖ፣ ብረቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሁሉ አሰብሁት። ምናልባት ቁጥሩ ለሌላ ነገር ይሆናል ብዬም አሰብሁ። ደግሞ የሙሽራይቱ አባት በበሩ በኩል ገብቶ «ተማሪው የመረጠው ይኼ ነው? የሙሽራ ሣጥን ይመስላል!» ሲለኝ ፈገግ አልሁ። ሰካሁት።

በዚህ መካከል እትዬ ውዴ መጡ። ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደው በጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። በእኛ ዘንድ አዲስ ቤት፣ አዲስ ሸማ፣ አዲስ ሞፈር ሳይቀር ጠበል ሳይነካው ሥራ አይጀመርበትም። «ሞላዬ፣ ላስነካው?» አሉ።

«አስነኪው እታለም» አለ ጋሽ ሞላ እየሳቀ። «ያንቺ በቅሎ አይደለች? እያት፣ ጆሮ ብቻ ነው የቀራት።»

ጣታቸውን አርሰው ሦስት ጊዜ በጥቂቱ ረጩት። ጠብታዎቹ ከሌጦው ላይ ቆሙ፤ ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አጠገባቸው ነበርሁ። አንድም ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሞተሩ ከሩቅ ዱብ ዱብ አለ። አምፖሎቹ ቀሉ። በማጉያው ጀርባ ያሉት ጠርሙሶች ግን አልቀሉም፤ ነጭ ሆነው በሩ። ጋሽ ሞላ ክሩን ነካው፤ አዳራሹ ተናወጠ። ሰው «እሰይ!» አለ፤ ሴቶች እልል አሉ፤ ከቁይ የመጡት ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። የዘፈኑ መጀመሪያ ብቻ፣ ምናልባት ደጉ ከበሮውን አሥር ጊዜ እስኪመታ ድረስ ያህል፣ ጋሽ ሞላ ተሰማ። ፊቱን አሁንም አየዋለሁ። ከዚያ ሣጥኑ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ጀመረ፤ የተቃጠለ ሰም የመሰለ ሽታ መጣ፤ ከወርቃማው ጨርቅ ጢስ ወጣ፤ ዝም አለ።

«ጠበሉ ነው!» አለ ደጉ። «ሲረጩበት እኔ አይቻለሁ!»

«ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ!» አለ ሌላ ሰው። «ተማሪው ይንገረና!»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ውዴ ጠርሙሱን እንደ ያዙ «ልጄ፣ እውነት ጠበሉ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ክስ አልነበረበትም፤ ለማወቅ ነበር የጠየቁኝ።

«ውሃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም» አልሁ።

ሐሰት አልተናገርሁም። ማናቸውም መጽሐፍ ይህን ይላል። በሕይወቴ ከተናገርኋቸው ውሸቶች ሁሉ ትልቁ ይህ እውነት ነው።

ጋሽ ሞላ ጊታሩን አስቀመጠ። «ምቀኛዬ ከውጭ ይመጣል ስል ከጓዳዬ ኖሯል» አላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። «ያሳደግሽኝ ለዚህ ቀን ነው? ከዛሬ ጀምሮ እኅት የለኝም።» እትዬ ውዴ ጠርሙሱን በነጠላቸው ሸፍነው በጎን በር ወጡ። ከገበያ ማሲንቆ መቺ ተጠርቶ ሠርጉ ቀጠለ፤ ደጉም ከበሮውን ይዞ ከእሱ ጋር ተቀመጠ። እኔ ጠጅ ተቀዳልኝ፤ ጠጣሁት።

ኮሌጅ ተመልሼ የነገሩን ትርጉም በፊዚክስ ክፍል ተማርሁ፤ ብረቱ የሁለት መቶ ሃያውን ኃይል ወደ መቶ አሥር የሚያወርድ ነበር፤ ደካማ የምንለው መብራታችንም ከመቶ አሥር እጅግ ይበልጥ ኖሯል። መምህሩ «የማያውቅ አለ?» ሲሉ እጄን አላወጣሁም። በክረምት ወደ አገሬ ስመለስ ጋሽ ሞላ ጊታሩን ከግድግዳ ሰቅሎት፣ ልብስ ብቻ ይሰፋ ነበር። ማንጎራጎሩን ትቷል። ከእኅቱ ጋር አይነጋገሩም፤ በአንድ ሠፈር ሆነው እሳቸው በሚሄዱበት መንገድ እሱ አይሄድም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሴን እንደ ምንም ገፍቼ እትዬ ውዴ ቤት ሄድሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አርመኑን፣ ብረቱን፣ መቶ አሥሩን፣ በሰሌዳው ላይ ያየሁትን። እንዝርቱን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ጨረስህ?» አሉኝ።

«ጨረስሁ፣ እትዬ።»

«አይ ልጄ» አሉና ፈገግ አሉ። «እኔን ብለህ ነው። ገብቶኛል። ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ንስሐዬን ተቀብያለሁ። የእግዚአብሔርን ጠበል ወስጄ ለዘፈን ዕቃ ረጨሁ፤ እሱም አሳየኝ። ቁጥሩ ሰበብ ነው።»

«እውነቴን ነው እኮ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም!»

«ምን ያለ አንጀት ነው የሰጠህ» አሉ፣ ጉልበቴን እየነኩ። «የሰው ኃጢአት ልትሸከም ትመጣለህ። መማር እንዲህ የሚያደርግ ከሆነስ ተማሩ።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼን ለሞላ እንዳትነግረው። ስለሚወድህ ያምንሃል። እኔን አጥቷል፤ አንተንም ከጠላ ማን ይቀረዋል? በል ማልልኝ።»

ማልሁላቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ስምል ደስ አለኝ። የታዘዝሁትን መፈጸም ሁልጊዜ ይቀለኝ ነበር፤ ይህ ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነበር። በመንገዴ ጋሽ ሞላ ከበረንዳው ጠራኝና «ተማሪው፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?» አለኝ። «አልፌያለሁ» አልሁት። ሜትሩን አንሥቶ ሱሪ ለካኝ፤ ሰፊ እግር ያለው፣ በነፃ። እጆቼን ዘርግቼ ቆሜ ተለካሁለት።

እትዬ ውዴ የሞቱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ መምህር ሆኜ ደብረ ማርቆስ ተመድቤ ነበር። ባሳለፍናቸው ዓመታት የእኔ ደግነት በሠፈሩ ተረት ሆኗል። የእሳቸውን ጥፋት ሊሸከም የሄደው ተማሪ እየተባለ ይነገራል፤ እሳቸው ለጎረቤት ሳይናገሩ አልቀሩም። ለጋሽ ሞላ ጆሮ ደርሶ እንደ ሆነ አላውቅም። ደርሶም ቢሆን የሰማው እንደ ሌላው ሰው ነው።

በቀብሩ ዕለት ጋሽ ሞላ ከሰው ሁሉ ኋላ መጣ። አፈሩ ሲመለስ ወደ መቃብሩ ጠጋ አለና ክንዱን ያዝሁት። «ይቅር ሳልላት» አለኝ። «ተማሪው፣ ይቅር ሳልላት እኮ ሄደች።»

ይቅር የሚላት ነገር አልነበረም። ይህን በዚያ ስፍራ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ያስማሉኝም እትዬ ውዴ አሁን ከአፈር በታች ናቸው። አፌን ከፈትሁ። በዙሪያችን የቆሙት ሰዎች አዩኝ፤ አንዲት አሮጊት «ደግ ልጅ፣ ዛሬም አልተለየው» ስትል ሰማሁ።

«አይዞህ፣ ጋሽ ሞላ» አልሁት። ክንዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁለት።